የአሮጌ ክሮኖግራፍ ሰዓት ዋጋና የሻጩ ቃል

በንግድ ዓለም ዘወትር የሚሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም ዕቃ በመደርደሪያ ላይ በቈየ ቍጥር ዋጋው ይቀንሳል የሚለው ነው። ጨርቁ ይደበዝዛል፤ ቅመሙ መዓዛውን ያጣል፤ መኪናውም አዲስ ዓይነት በመጣ ጊዜ ከገበያ ይወጣል። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆኑት ዕቃዎች ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም አንዱ፣ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው፣ ክሮኖግራፍ የተባለው አሮጌ የእጅ ሰዓት ነው።

ይህ ሰዓት በንግድ ጋዜጣ ላይ ሊጻፍለት የሚገባው ዋጋው ከፍ ስላለ ብቻ አይደለም። ዋጋው የቆመበት መሠረት ነጋዴውን ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ ነው። አሮጌ ክሮኖግራፍ የሚገዛ ሰው ጊዜ ለማወቅ አይገዛም፤ ለዚያስ በጥቂት ብር የሚገኝ የባትሪ ሰዓት ይበቃዋል። የሚገዛው ሰዓቱ በተሠራበት ቀን እንደ ነበረ መኖሩን ነው። ይህንንም የሚያረጋግጥለት በአብዛኛው የሻጩ ቃል ነው። ቃሉ ሲሳሳት ዕቃው ምን እንደሚሆን ከዚህ በታች እንገልጻለን። ተለይቶ ካልተነገረ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሮኖግራፍ ምን ዓይነት ሰዓት ነው?

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ጊዜ ጸሓፊ» ማለት ነው። ስሙ እንዲሁ በከንቱ የወጣለት አይደለም። ኒኮላ ሪዬሴክ የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ በ1821 በፓሪስ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ ያቀረበው መሣሪያ፣ ፈረሱ ከመጨረሻው መስመር በደረሰ ጊዜ በሰዓቱ ፊት ላይ የቀለም ነጠብጣብ እየጣለ ጊዜውን በእውነት ይጽፍ ነበር። ከእርሱ አምስት ዓመት አስቀድሞ በ1816 ሉዊ ሟኔ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የሰከንድን ስልሳኛ ክፍል የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ይህ ግን ለዓለም የታወቀው በ2013 ነው፤ ስለዚህ የቀዳሚነቱ ክብር ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በሪዬሴክ ስም ጸንቶ ቈየ።

የእጅ ክሮኖግራፍ ሥራው እንደሚከተለው ነው። ዋናው ሰዓት ሳያቋርጥ ይሄዳል። በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ ይነሣል፤ ዳግመኛ ሲጫኑት ይቆማል፤ ሌላውን ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ወደ ዜሮ መመለስ የተቻለው አዶልፍ ኒኮል በ1844 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት፣ የልብ ቅርጽ ባለው ትንሽ ብረት አማካይነት ነው። ሎንጂንስ በ1913 ለእጅ ሰዓት የሚሆን የክሮኖግራፍ መኪና ሠራ። በ1934 ደግሞ ብራይትሊንግ ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ሥራ ለብቻው ለሁለተኛ ቁልፍ ሰጠው፤ ዛሬም የምናየው ባለ ሁለት ቁልፍ መልክ ከዚያ የመጣ ነው።

በሰዓቱ ፊት ዳር ላይ የሚታዩት ቍጥሮችም ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። ታኪሜትር የተባለው ፍጥነት መለኪያ ነው፤ አንድ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር በ45 ሰከንድ ቢጨርስ ቆጣሪው በ80 ላይ ይቆማል፤ ይኸውም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቴሌሜትር የተባለው ለመድፈኛ ነው፤ ብልጭታውን ባየ ጊዜ አስነሥቶ ድምፁን በሰማ ጊዜ ቢያቆመው ርቀቱን ያነባል፤ ሦስት ሰከንድ ያህል አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለሐኪም የተሠራው ደግሞ የተወሰነ የልብ ምት ቈጥሮ ሲያቆመው በደቂቃ ስንት እንደሚመታ ይነግረዋል። እንግዲህ ክሮኖግራፍ አስቀድሞ የሥራ መሣሪያ ነበር፤ የሰብሳቢ ሀብት የሆነው በኋላ ነው።

የሰከንድ ክፍልፋይ ምን ያህል እንደሚከበር እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን። በ1960 በሮም አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲፈጽም የጊዜ መያዙን ሥራ የያዘው ኦሜጋ ነበር። በ1964 በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ ደግሞ ሥራው የሴይኮ ነበር። ሴይኮ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የጃፓን የእጅ ክሮኖግራፍ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ክሮኖግራፎች መኪና በሰዓት 18,000 ጊዜ ይመታ ስለ ነበር ሰከንድን ለአምስት ይከፍል ነበር።

ስም አንድ፣ መኪና ሌላ

ለነጋዴ እጅግ የሚጠቅመው ዕውቀት ይህ ነው። በስዊስ አገር በሰዓቱ ፊት ላይ ስሙ የተጻፈው ድርጅት መኪናውን ራሱ ላይሠራው ይችላል። ቫልዡ፣ ቬኑስ፣ ሌማኒያና ላንደሮን የተባሉ ፋብሪካዎች ጥሬ መኪና እየሠሩ ለብዙ ድርጅቶች ይሸጡ ነበር፤ ገዢው ድርጅት አስተካክሎና አስጊጦ በራሱ ስም ያወጣዋል። ለምሳሌ ቫልዡ 72 የተባለው መኪና በ1963 በወጣው በሆየር ካሬራ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት በወጣው በሮሌክስ ዴይቶና ውስጥ፣ እንዲሁም ስማቸው ብዙ በማይታወቅ ሰዓቶች ውስጥ ይገኛል። መኪናው አንድ ሆኖ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

መኪናዎቹም በአሠራር በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው ዓይነት የቁልፉን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው እንደ ዓምድ የቆሙ ጥርሶች ያሉት ትንሽ ጎማ ነው፤ ይህ አሠራሩ ከባድ፣ አጫጫኑም ለስላሳ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ሥራውን የሚሠራው ተቈርጦ የወጣ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ይህም በብዛትና በርካሽ ለማውጣት የሚመች ነው። ከ1937 ጀምሮ የወጣው ላንደሮን 48 የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው ክሮኖግራፍ ለመግዛት የቻለው በእርሱና እርሱን በመሰሉት ምክንያት ነው።

አስመጪዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። የቬኑስ 175 መኪና መሥሪያ መሣሪያዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለቻይና ተሸጠው፣ ከዚያ የተወለደው መኪና ዛሬም በቻይና ይሠራል። ይህ መኪና ያለባቸው አዲስ ሰዓቶች የአሮጌ መልክ ተሰጥቷቸው በመጠነኛ ዋጋ ይሸጣሉ። በስማቸው ከተሸጡ የሚነቀፍባቸው የለም። የስዊስ ቅርስ ናቸው ተብለው ከተሸጡ ግን ማታለል ነው።

ገበያው የወደቀበት ዘመን

በ1969 ሦስት ወገኖች ራሱን በራሱ የሚሞላ ክሮኖግራፍ በተቀራራቢ ጊዜ አወጡ፤ እነርሱም ዜኒት፣ የሆየርና የብራይትሊንግ ማኅበር ከተባባሪዎቹ ጋር፣ እንዲሁም የጃፓኑ ሴይኮ ናቸው። የዜኒት መኪና ኤል ፕሪሜሮ ተባለ፤ በሰዓት 36,000 ጊዜ ስለሚመታ ሰከንድን ለዐሥር ይከፍላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 25 ቀን ሴይኮ የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በባትሪ የሚሠራው ሰዓት በርካሽነቱና በትክክለኛነቱ ገበያውን ወሰደው። በ1970 በስዊስ የሰዓት ኢንዱስትሪ 90,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30,000 ጥቂት ከፍ ያሉ ብቻ ቀሩ።

በ1975 በቺካጎ ተቀማጭ የነበረው የዜኒት ባለ ንብረት ድርጅት የባለ ሞላ ሰዓት መሥራት እንዲቆም፣ መሣሪያውም እንዲወገድ አዘዘ። ሻርል ቬርሞ የተባለው የፋብሪካው ባለሙያ አለቆቹን በጽሑፍ ለመናቸው፤ አልሰሙትም። ስለዚህ የኤል ፕሪሜሮን መሥሪያ መሣሪያዎችና ሥዕላዊ ንድፎች በለ ሎክል ከተማ ባለው ፋብሪካ ሰገነት ላይ በድብቅ አኖራቸው፤ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያገለግልም ጽፎ አስቀመጠ። በ1980ዎቹ ፍላጎቱ ሲመለስ ዜኒት መኪናውን እንደገና ለመሥራት የቻለው ቬርሞ በሸሸገው ዕቃ ነው። በ1988 ሮሌክስ ራሱ ለዴይቶናው ይህንኑ መኪና መነሻ አድርጎ ወሰደ። ብዙ መሣሪያ በብረት ክብደት በተሸጠበት ዘመን የአንድ ሠራተኛ መዝገብ መያዝ ፋብሪካውን አዳነው።

አሮጌዎቹን ክሮኖግራፎች ብርቅ ያደረጋቸውም ይኸው የውድቀት ዘመን ነው። ማንም የማይፈልጋቸው በነበሩበት ጊዜ ብዙዎቹ ተጣሉ፤ ብዙዎቹም ለመለዋወጫ ተፈቱ።

ዋጋው ከምን ይመጣል?

ወርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ዋጋው ከማዕድኑ የሚመጣ ይመስለዋል። በዚህ ገበያ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ፓቴክ ፊሊፕ ከ1941 እስከ 1954 ድረስ 1518 የተባለውን፣ ክሮኖግራፍንና ዘላለማዊ ቀን መቍጠሪያን ያጣመረ ሰዓት በጠቅላላ 281 ሠርቷል። አብዛኞቹ የወርቅ ናቸው። ከማይዝግ ብረት የተሠሩት የታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ከአራቱ አንዱ በኅዳር 2016 በጄኔቫ በፊሊፕስ ሐራጅ ቤት በ11,002,000 የስዊስ ፍራንክ ተሸጠ። ብረቱ ወርቁን ያስከነዳው ጥቂት በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው የዋጋ ምንጭ ታሪክ ነው። የኦሜጋ ስፒድማስተር በ1957 ሲወጣ ለመኪና እሽቅድምድም የታሰበ ነበር። የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በሙቀት፣ በብርድ፣ በንዝረትና አየር በሌለበት ስፍራ ከፈተነው በኋላ መጋቢት 1 ቀን 1965 ለጠፈር ጉዞ ብቁ ነው ብሎ ተቀበለው። በሐምሌ 1969 በጨረቃ ላይ የተራመደው በዝ ኦልድሪን ይህን ሰዓት በእጁ አስሮ ነበር። በሚያዝያ 1970 አፖሎ 13 አደጋ ደርሶበት በተመለሰ ጊዜም መንገዱን ለማቃናት ሞተሩ 14 ሰከንድ እንዲነድ ሲደረግ ጊዜው የተቈጠረው በዚሁ ሰዓት ነው።

የሮሌክስ ዴይቶና ታሪክ ደግሞ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ተዋናዩ ፖል ኒውማን ይህን ሰዓት ያገኘው ከባለቤቱ ከጆአን ዉድዋርድ በስጦታ ሲሆን፣ በጀርባው «በጥንቃቄ ንዳ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተቀርጾበታል፤ ኒውማን መኪና ይሽቀዳደም ነበርና። ፊቱ ከሌሎቹ ለየት ያለው ይህ ዓይነት ዴይቶና በወጣበት ዘመን በሱቆች ገዢ ያጣ ነበር። የኒውማን የራሱ ሰዓት ግን ጥቅምት 26 ቀን 2017 በኒው ዮርክ በ17,752,500 ዶላር ተሸጠ። ዋጋውን ያመጣው ብረቱ አይደለም፤ ያ ሰዓት የዚያ ሰው መሆኑ የማያጠራጥር ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሦስተኛውና ለተራ ነጋዴ ከሁሉ የሚቀርበው ምንጭ አለመነካት ነው። ሰብሳቢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የሰዓቱን ፊት ነው። ፊቱ በፀሐይና በዘመን ቡናማ መልክ ቢይዝም የፋብሪካው ቀለም ከሆነ ይወደዳል፤ እንደገና የተቀባ ከሆነ ግን ምንም ቢያምር ይጠላል። የሰዓቱ ቤት ጭረት ቢኖረውም ጠርዙ ስለት እንደ ያዘ ከሆነ ይወደዳል፤ ተወልውሎ ከተሟሟ ይጠላል። ጥቂት ዕድፍ ከብዙ ጽዳት ይሻላል።

በእጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። በእኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በጸሓፊነት የማገለግላቸው ነጋዴ፣ ከሞተ ወዳጃቸው ወራሾች ላይ በፊቱ ሁለት ትንንሽ ክቦች ያሉት አንድ የስዊስ ክሮኖግራፍ ገዙ። ፊቱ ቀድሞ ነጭ የነበረ ሲሆን በዕድሜ ብዛት ሰም መስሎ ነበር። «ይህን ይዞ ለፈረንጅ ማቅረብ ያሳፍራል» ብለው ለአንድ ሰዓት ሠሪ ሰጡት። ሰዓት ሠሪው የታዘዘውን ፈጸመ፤ ፊቱን ፍቆ እንደገና ቀባው፤ ቤቱንም ወለወለው። ሲመለስ አዲስ ሳንቲም መስሎ ያበራ ነበር፤ እኛም ደስ አለን።

ከዚያ በኋላ በውጭ አገር ላለ አንድ ገዢ ደብዳቤ እንድጽፍ ታዘዝሁ። «ሰዓቱ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የተየብሁት እኔ ነኝ። ገዢው ፎቶግራፍ ጠየቀ፤ ላክንለት። መልሱ በሳምንት ውስጥ መጣ፤ ሁለት መሥመር ብቻ ነበር። ፊቱ እንደገና የተቀባ ስለ ሆነ ከተጠየቀው ዋጋ ሩቡን እንደሚከፍል ገለጸ፤ ቀጥሎም ደብዳቤው ለምን ሌላ እንደሚል ጠየቀ።

ነጋዴው ስለ ገንዘቡ አዘኑ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቈጨኝ ግን ሁለተኛው መሥመር ነው። ሐሰት ለመናገር አላሰብንም ነበር፤ «እንደ አዲስ» ማለትና «እንደ ተሠራ» ማለት አንድ መስሎን ነበር። በዚህ ንግድ ግን ሁለቱ ቃላት ተቃራኒዎች ናቸው። ሰዓቱን በሩብ ዋጋ ሸጥነው። ገዢውም በኋላ ሌላ ዕቃ ባቀረብንለት ጊዜ መልስ ሳይሰጠን ቀረ።

የጄኔቫው ሐራጅ

የእኛ ጥፋት ከአለማወቅ የመጣና ጥቂት ገንዘብ ያጠፋ ነበር። ሆን ተብሎ ሲሠራ ምን እንደሚያስከትል ግን በ2021 በጄኔቫ የደረሰው ነገር ያስረዳል።

በዚያ ዓመት በኅዳር ወር በፊሊፕስ ሐራጅ ቤት አንድ የ1957 ኦሜጋ ስፒድማስተር ቀረበ። የሞዴሉ ቍጥር ሲኬ 2915-1 ሲሆን ከዓይነቱ የመጀመሪያው ነው፤ ፊቱም በዕድሜ ወደ ቡናማነት ተለውጧል። ሐራጅ ቤቱ የገመተው ዋጋ ከ80,000 እስከ 120,000 የስዊስ ፍራንክ ነበር። የተሸጠው ግን በ3,115,500 ፍራንክ ነው። ገዢውም ኦሜጋ ራሱ ነበር፤ ለቤተ መዘክሩ ፈልጎት ነውና።

በ2023 ሰዓቱ ከልዩ ልዩ ሰዓቶች በተለቀሙ ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑ ተገለጸ። ነገሩን አስቀድሞ ያነሣው ፎቶግራፎችን አጉልቶ ክፍሎቹን አንድ በአንድ የመረመረ አንድ ጸሓፊ ነበር። ኦሜጋ የቀድሞ ሦስት ሠራተኞቹ በጉዳዩ እንዳሉበት አስታወቀ፤ ጉዳዩንም ወደ ሕግ እንደሚወስደው ገለጸ። ከነዚህም መካከል የቤተ መዘክሩን ሥራ ይመራ የነበረ ሰው እንደሚገኝበት ተነገረ። እንግዲህ ሰዓቱ ብርቅ ነው፣ ይገዛ ብለው የመከሩት፣ ለዚሁ ምክር የተሾሙት የቤቱ ሰዎች ሆነው ተገኙ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሰዓቱ ከመጋለጡ በፊትም በኋላም ያው ብረት፣ ያው ቡናማ ፊት፣ ያው የሚሠራ መኪና መሆኑ ነው። ከሰዓቱ የጐደለ አንድም ጥርስ የለም። የጠፋው ስለ እርሱ የተነገረው ቃል ብቻ ነው፤ ሦስት ሚሊዮኑ ፍራንክም ከቃሉ ጋር ሄደ።

የማን ነው?

ስለ ዕቃው ጠባይ ከሚነገረው እውነት ሌላ ስለ ባለቤቱ የሚነገረውም እንዲሁ ይመዝናል። ለዚህ ከእኛ ታሪክ ጋር የተያያዘ ምሳሌ አለ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ ስዊስን በጐበኙ ጊዜ በስጦታ የተቀበሉት የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በኅዳር 2015 በጄኔቫ በክሪስቲስ ለሐራጅ ተዘጋጅቶ ነበር። ይህ ሰዓት ክሮኖግራፍ ሳይሆን ዘላለማዊ ቀን መቍጠሪያ ያለው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰቦች ስለ ባለቤትነቱ ጥያቄ ስላነሡ ከሽያጩ ወጣ። የተሸጠው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2017 ሲሆን ዋጋውም ከሁለት ሚሊዮን ተኩል የስዊስ ፍራንክ በላይ ነበር። ስለ ሰዓቱ እውነተኛነት የተጠራጠረ አልነበረም፤ ጥያቄው ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዴት አለፈ የሚል ነበር። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ባለ ሱቅ ሁሉ ይህን ጥያቄ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለባለ ሱቆችና ለአስመጪዎች የሚሆን ምክር

አሮጌ ክሮኖግራፍ በእጁ የገባ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

1ኛ፤ ሰዓቱን ለመሸጥ ብሎ አያስወልውል፤ ፊቱንም አያስቀባ። ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሲሰጥ «መኪናውን አጽዳ፣ ዘይት አድርግ፤ ፊቱንና ቤቱን አትንካ» ብሎ በጽሑፍ ይስጥ። የሚለወጥ ክፍል ቢኖር አሮጌው ክፍል ተመልሶ እንዲሰጠው ይጠይቅ።

2ኛ፤ ቁልፎቹን ይፈትን። ሰከንድ ቆጣሪው ሳይዘገይ መነሣት፣ ሳይንቀጠቀጥ መቆም፣ ሲመለስም በዜሮው ላይ በትክክል ማረፍ አለበት። ቆጣሪው እየሄደ ሳለ የመመለሻውን ቁልፍ መጫን ለብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ጕዳት ስለ ሆነ አስቀድሞ ይቁም።

3ኛ፤ በጨለማ የሚያበራውን ቀለም ያስተውል። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሚቀባው ራዲየም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትሪቲየም ተተካ፤ ይህም ብዙ ጊዜ በፊቱ ግርጌ ላይ በ«ቲ» ፊደል ይታወቃል። ትሪቲየም በየ12 ዓመቱ ያህል ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ የ1960ዎቹ ሰዓት ዛሬ በጨለማ አጥብቆ ቢያበራ ቀለሙ አዲስ ነው ማለት ነው። የራዲየም ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው ግን በ1,600 ዓመት ነው። ማብራቱን ቢተውም ጨረሩ አልተወውም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ከፍቶ እንዳይፍቀው፣ ትቢያውንም እንዳይተነፍሰው ይጠንቀቅ። በ1920ዎቹ በአሜሪካ የሰዓት ፊት ይቀቡ የነበሩ ሴቶች የታመሙትና የሞቱት በዚሁ ቀለም ነው።

4ኛ፤ ፊቱ፣ ቤቱና መኪናው የአንድ ዘመን መሆናቸውን ይመርምር። የመኪናውንና የቤቱን ቍጥር ይመዝግብ። ሎንጂንስንና ፓቴክ ፊሊፕን የመሳሰሉ ድርጅቶች ከአሮጌ መዝገባቸው አመሳክረው የሚሰጡት ወረቀት አለ። ነገር ግን ወረቀት ለቍጥሩ እንጂ በሰዓቱ ላይ ላሉት ክፍሎች ሁሉ ምስክር እንደማይሆን የጄኔቫው ነገር አስተምሮናል።

5ኛ፤ ከሻጩ ጋር በጽሑፍ ይዋዋል። ሰዓቱ ከማን እንደ ተገኘ፣ መቼና በማን እንደ ተጠገነ ይጻፍ። አሮጌ ደረሰኝ፣ ሣጥን፣ ፎቶግራፍ፣ ከሰጪው የተጻፈ ካርድ ሁሉ የሰዓቱ ክፍል ነውና አይጣል። ከውጭ የሚመጣም ሆነ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በዕቃው ዝርዝር ላይ የሚሰፈረው መግለጫና ዋጋ ለገዢው ከተነገረው ጋር አንድ ይሁን።

6ኛ፤ የታወቀውን ጕድለት ገዢው ሳይጠይቅ ይንገረው። ይህ ዋጋውን በጥቂቱ ይቀንሰው ይሆናል፤ የተቀረውን ዋጋ ግን ያጸናል። ሰብሳቢዎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ፣ የሻጭንም ስም እየተቀባበሉ የሚነግሩ ሰዎች ናቸውና አንድ ጊዜ የተሰጠ መጥፎ መግለጫ ከአንዱ ገዢ ጋር አይቀርም።

በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ከአባት የቀረ፣ ቆሞ የተረሳ ሰዓት ይዞ ወደ ሱቅ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። ከነዚህ ብዙዎቹ ታላቅ ዋጋ የላቸውም፤ አንዳንዱ ግን ይኖረዋል። ሰውዬው የያዘውን አያውቅም፤ ነጋዴው ሊያውቅ ይችላል። በዚያች ሰዓት ነጋዴው የሚናገረው ቃል ለመግዛትም ሲሆን ለመሸጥ ያው መሆን አለበት። ሲገዙ «የማይረባ ብረት ነው» ብሎ፣ ሲሸጡ «ብርቅ ቅርስ ነው» ማለት ለአንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል፤ ነገር ግን የሰውዬው ልጅም፣ ጎረቤቱም ነገ ወደዚያ ሱቅ አይመለሱም።

ከዚያ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በእኛ ቢሮ ለሚጻፍ ለማንኛውም የአሮጌ ዕቃ ደብዳቤ አንድ ደንብ ተደርጓል። ዋጋው ከመጻፉ በፊት «የተለወጠና የታደሰ» የሚል አንድ መሥመር ይቀመጣል። የምናውቀው ካለ እንዘረዝርበታለን። ከሌለም ከባለሙያ ጠይቀን ሳንመለስ ደብዳቤው አይፈረምም። ደንቡን ያወጡት ያ ሰዓት በሩብ ዋጋ የተሸጠባቸው ነጋዴ ራሳቸው ናቸው።